ከጠመንጃ ወደ ማስታወሻ ደብተር

እኛ «ክረምት» ስንል ሰኔ ግም ብሎ እስከ መስከረም የሚዘልቀውን ዝናብ፣ ጭቃና ጉም ማለታችን ነው። ፈረንጆች ደግሞ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ የሚቆይ የበረዶና የውርጭ ጊዜ አላቸው፤ ይህንንም ሌላ ቃል ስላጣንለት «ክረምት» እያልን እንተረጉመዋለን። ትርጉሙ ተለምዷል፤ ነገር ግን ያሳስታል። እነርሱ እሳት ዳር ተኮራምተው በሚቀመጡበት ወር እኛ ዘንድ ጤፍ ይታጨዳል፣ አውድማ ይለቀለቃል፣ ገናና ጥምቀት ይከበራል፣ ሰማዩም ጥርት ብሎ ይውላል። የእነርሱ ክረምት የእኛ በጋ ነው። ይህንን የሁለት አገር አቆጣጠር ከሰው ሁሉ ቀድመው የተረዱት ደግሞ ወፎች ናቸው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የፈረንጆቹን ወቅት «የብርድ ወራት» እለዋለሁ፤ ዓመቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልኝ።

አውሮፓውያን ወፎቻቸው በብርድ ወራት የት እንደሚገቡ ለማወቅ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። አርስቶትል ጨረባዎች ላባቸውን አራግፈው በየጉድጓዱ ይደበቃሉ ብሎ ጽፏል። ጨረባ ያልኩት የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎቻችንን ተከትዬ ነው፤ ጅራቷ እንደ ሹካ ለሁለት የተሰነጠቀው፣ ከቤት ጣሪያ ሥር የጭቃ ጎጆ የምትሠራው፣ እየበረረች ዝንብ የምትቀልበው ወፍ ናት። አብዛኞቻችን ወፏን ሳይሆን ተዝካሯን ነው የምናውቀው። በ1555 የስዊድኑ ሊቀ ጳጳስ ኦላውስ ማግኑስ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ዓሣ አጥማጆች ከበረዶ ሥር ዓሣና ጨረባ በአንድ መረብ ሲያወጡ የሚያሳይ ሥዕል አለ። ለፍጥረት ሁሉ ስም ያወጣው ታላቁ ሊኒየስ እንኳ ጨረባ የብርዱን ወራት ውኃ ውስጥ ታሳልፋለች ብሎ ያምን ነበር። በ17ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ቻርልስ ሞርተን የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ ወፎቹ ወደ ጨረቃ ይሄዳሉ የሚል ሐሳብ አቅርቧል። እንደ ዘመኑ እውቀት ከታየ የሞርተን ግምት ከሊኒየስ የተሻለ ነው ባይ ነኝ፤ ቢያንስ ሩቅ መሄዳቸውን አውቋል።

ጥያቄውን የፈታው በ1822 በሰሜን ጀርመን፣ ክሉትስ በምትባል መንደር አቅራቢያ የተገደለ ሽመላ ነው። ይህ ሽመላ በአፍሪካ የተሠራ፣ ወደ 80 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ጦር አንገቱ ላይ እንደተሰካ ባሕርና በረሃ አቋርጦ አገሩ ገብቶ ነበር። አሁንም ከነጦሩ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ይታያል። አንባቢ ልብ ይበል፤ ጦሩን የወረወረው አፍሪካዊ ሽመላውን ከዚያ በፊትም ያውቀዋል። ወፉ በየዓመቱ ደጁ ሲመጣ አይቷል። ያላወቀው ከየት እንደሚመጣ ነው። ጀርመኑ ገበሬ ደግሞ የሚመጣበትን ወር ያውቃል፤ የሚሄድበትን አያውቅም። ሁለቱም በየደጃቸው ግማሽ ግማሽ እውቀት ይዘው ተቀምጠው ነበር። የወፍ ምርምር ታሪክ፣ እኔ እንደማየው፣ እነዚህን ሁለት ግማሾች የማገናኘት ታሪክ ነው።

ከቤት ሳይርቁ ወፍ የመመልከትን ነገር ወደ እውቀት ደረጃ ከፍ ካደረጉት ሰዎች ቀዳሚው ጊልበርት ኋይት ነው። በ1720 ተወለደ፣ በ1793 ሞተ፤ አብዛኛውን ዕድሜውን የኖረው በደቡብ እንግሊዝ ሰልቦርን በምትባል የትውልድ መንደሩ ነው። ሥራው ረዳት ቄስነት ነበር። ሌሎች ሊቃውንት በመርከብ ዓለምን ሲዞሩ እርሱ ግን አትክልት ቦታውንና የመንደሩን ጫካ እየተመላለሰ ያያል፣ ይሰማል፣ ይጽፋል። ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው ይላቸው የነበሩትን ሦስት ትንንሽ አረንጓዴ መሳይ ወፎች በዜማቸው ለይቶ ሦስት መሆናቸውን አሳየ። በ1789 የወጣው መጽሐፉ እስካሁን ከገበያ አልጠፋም። እንዲህ ያለው ተመልካች ግን የጨረባን ነገር እስከ መጨረሻው ሊቆርጥ አልቻለም። በጂብራልታር ይኖር የነበረው ወንድሙ ጨረባዎች የባሕሩን መተላለፊያ ሲሻገሩ እንደሚታዩ ጽፎለታል፤ ኋይት ግን ጥቂቶቹ እዚያው መንደር ተደብቀው ይቀሩ ይሆን የሚለው ጥርጣሬ አልለቀቀውም። ሰልቦርን ቁጭ ብሎ ሌላውን ጫፍ ማየት አይቻልምና።

ከመንደሩ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ልሻገር፤ በዚያ ታሪኩ ደም አለበት። በእንግሊዝ ምሥራቅ የኖርፎክ ክፍለ ሀገር አለ። ሰሜናዊ ዳርቻው ረግረግ፣ ሸንበቆና ጠጠር ነው፤ ባሕሩ በቀን ሁለቴ እየሞላ ጭቃውን ይሸፍነዋል፣ ሁለቴ እየሸሸ ይገልጠዋል። ነፋሱ ከሰሜን ዋልታ በቀጥታ የሚመጣ ይመስላል። እኛ ይህንን ቅዝቃዜ «ብርድ» እንለዋለን፤ ለወፎቹ ግን መሸሻ ነው። ከአይስላንድና ከግሪንላንድ እግራቸው ሮዝ የሆነ ዝይዎች፣ ከሳይቤሪያ ጥቁር አንገት ያላቸው ትንንሽ ዝይዎች እየጎረፉ ይወርዱበታል። ለትምህርት ኖርዊች በቆየሁባቸው ሁለት ዓመታት ክላይ ወደምትባለው የዳርቻ መንደር እየሄድኩ ንጋት ላይ ዝይዎቹ ከባሕሩ ማደሪያቸው ተነሥተው የስኳር ቀይ ሥር ቅሪት ወዳለበት እርሻ ሲያልፉ አይቻለሁ። መጀመሪያ የሚሰማው ድምፃቸው ነው፤ ገበያ የሚሄድ ሕዝብ ከሩቅ ሲያወራ ይመስላል። ከዚያ ሰማዩ በመስመር በመስመር ይሞላል።

በ19ኛው መቶ ዘመን በዚህ ስፍራ ወፍ መመልከት ማለት ወፍ መተኮስ ነበር። ስለ አዲስ ወፍ የሚነገር ወሬ ሬሳው ካልታየ አይታመንም። የመንደሩ ድሆች በጠፍጣፋ ጀልባ ላይ ትልቅ ጠመንጃ አስረው፣ በሆዳቸው ተኝተው ወደ ዳክዬው መንጋ እየቀዘፉ በአንድ ተኩስ ብዙ ይጥሉ ነበር፤ ይህ የዕለት እንጀራቸው ስለነበር አልፈርድባቸውም። ከከተማ የሚመጡት ባለ ገንዘቦች ግን ሌላ ናቸው። የባቡር ሐዲድ በ1880ዎቹ ወደ ዳርቻው ሲጠጋ ብርቅዬ ወፍ ገድሎ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ለማስቀመጥ የሚጎርፉት በዙ። ክላይ ውስጥ ሄንሪ ናሽ ፓሽሊ የተባለ ሰው የሞተ ወፍ ቆዳ እየገፈፈ፣ እየሞላና እያቆመ ለእነዚህ ሰዎች ይሸጥ ነበር። የሚያስገርመው፣ በእጁ ያለፈውን እያንዳንዱን ወፍ መዝግቦ ነበርና በ1925 በሞተበት ዓመት የወጣው ማስታወሻው ስለ አካባቢው ወፎች ከቀሩልን ጥሩ ሰነዶች አንዱ ሆነ። የታሪክ ነገር እንዲህ ነው፤ ምስክሩ አንዳንዴ ራሱ ገዳዩ ይሆናል።

ጠመንጃውን ማውረድ የጀመሩት ሴቶች ናቸው። በዚያን ዘመን የሴቶች ባርኔጣ በወፍ ላባ፣ አንዳንዴም በሙሉ ወፍ ያጌጥ ነበር። በ1889 ኤሚሊ ዊልያምሰን የተባለች የማንቸስተር አካባቢ ሴት ላባ ላለመልበስ ቃል የሚገቡ ሴቶችን ቤቷ ሰበሰበች። የአገሪቱ የወፍ ሊቃውንት ማኅበር በጊዜው ሴት አያስገባም ነበር፤ እንግዲያው የራሳቸውን አቋቋሙ። ማኅበሩ በለንደን አካባቢ ከነበሩ መሰሎቹ ጋር ተዋሕዶ አደገ፣ በ1904 የንጉሥ ቻርተር አገኘ፤ የላባን ንግድ የሚከለክለው ሕግ ግን የወጣው በ1921 ነው። ከቤት ውስጥ ስብሰባ እስከ ሕግ 32 ዓመት መሆኑ ነው። በዚሁ ኖርፎክ ኤማ ተርነር የተባለችው ፎቶግራፍ አንሺ፣ ለረጅም ዓመታት ከእንግሊዝ ጠፍቶ የነበረ በሸንበቆ ውስጥ የሚደበቅ ወፍ ተመልሶ መፈልፈሉን በ1911 የጫጩቱን ፎቶ አንሥታ አረጋገጠች። አንድም ጥይት ሳይተኮስ ማስረጃ ሲቀርብ ሰው አየ። በ1924ም ስኮልት ሄድ በሚባለው የዳርቻ ደሴት ላይ ብቻዋን በአንዲት ጎጆ እየኖረች ወፎቹን ትጠብቅ ነበር፤ ጋዜጦች «ብቸኛዋ ሴት» እያሉ ሲያዝኑላት እርሷ ጎብኚ በዛብኝ እያለች ታማርር ነበር ይባላል።

በ1926 ሲድኒ ሎንግ የተባለ የኖርዊች ሐኪም ወዳጆቹን አስተባብሮ ወደ 400 ኤከር የሚሆነውን የክላይ ረግረግ በጨረታ ከ5 ሺህ ፓውንድ በላይ ገዛው፤ የሚጠብቀውም ማኅበር በዚያው ዓመት ተቋቋመ። የዛሬዎቹ 46 የእንግሊዝ የዱር ሕይወት ማኅበራት ከዚህ የተወለዱ ናቸው። ስለ ግዢው ብዙ የተጻፈ አለና አልደግመውም።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ቆጠራው ነው። መቁጠር አሰልቺ ነገር ነው፤ ጀግና አያስብልም። ዳሩ ግን በ1899 በዴንማርክ ቪቦርግ ከተማ ሞርተንሰን የተባለ አስተማሪ ቁጥርና አድራሻ የተቀረጸባቸው ትንንሽ የአሉሚኒየም ቀለበቶች ሠርቶ በ165 ወፎች እግር ላይ ሲያስር ትልቅ በር ተከፈተ። ወፏ ደብዳቤ ተሸካሚ ሆነች ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት በአሜሪካ ፍራንክ ቻፕማን፣ ሰዎች በገና ዕለት ቡድን ለይተው በአደን ከመወዳደር ይልቅ ወፍ እንዲቆጥሩ ሐሳብ አቀረበ፤ በመጀመሪያው ገና የወጡት 27 ሰዎች ብቻ ነበሩ። በእንግሊዝ የቀለበቱ ሥራ የተጀመረው በ1909 ነው። በሜይ 1911 በስታፎርድሺር ጆን ሜስፊልድ የተባለ ጠበቃ፣ ከገጣሚው ጋር ሞክሼ ነው፣ በቤቱ በረንዳ ጎጆ በሠራች ጨረባ እግር ላይ የለንደን አድራሻ ያለበትን ቀለበት አሰረ። በ1912 ዲሴምበር 23 ቀን ያችው ጨረባ በደቡብ አፍሪካ ናታል በአንድ የእርሻ ቤት ተያዘች፤ ደብዳቤም ለንደን ደረሰ። አርስቶትል፣ ሊኒየስና ኋይት የተጨነቁበት ጥያቄ በአንድ ፖስታ ተመለሰ። ጠበቃው ከቤቱ በረንዳ አልራቀም፤ የናታሉም ሰው ከቤቱ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ ቆጠራው የሕዝብ ሆነ። ለባርኔጣ ላባዋ ስትባል በእንግሊዝ ልትጠፋ ጥቂት ቀርቷት የነበረችውን ግሪብ የምትባል የሐይቅ ወፍ በ1931 ከ1 ሺህ በላይ በጎ ፈቃደኞች ሐይቅ ሐይቁን እየዞሩ ሲቆጥሯት በመላ አገሪቱ ከ1 ሺህ በላይ ጥንዶች መኖራቸው ታወቀ። ሕጉ መሥራቱን ያረጋገጠው ይኸው ቁጥር ነው። ከ1947 ጀምሮ ደግሞ በብርድ ወራት የውኃ ወፎችን በየወሩ መቁጠር ተለመደ። የ1962–63 ብርድ ሲመጣ፣ እንግሊዝ ከ1740 ወዲህ እንዲህ ያለ አላየችም ይባላል፣ የተራ ወፎች ዓመታዊ ቆጠራ ገና ተጀምሮ ነበር። ሬን የምትባለው አውራ ጣት የምታህል ቡናማ ወፍ በየአጥሩ ሥር ደርቃ ተገኘች። ምን ያህል እንዳለቁና በስንት ዓመት እንዳገገሙ ሊታወቅ የቻለው ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተር ስለነበረ ነው። ያለ ደብተር ቢሆን ኖሮ ሐዘን እንጂ እውቀት አይገኝበትም ነበር።

ይህንን ሁሉ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ጠቅልሎ ማየት ለሚፈልግ ፒተር ስኮት አለለት። የደቡብ ዋልታው ተጓዥ የካፒቴን ስኮት ልጅ ነው። በወጣትነቱ በዚሁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ጭቃ ላይ ተኝቶ ዝይ የሚተኩስ፣ የተኮሰውንም በሥዕል የሚያስቀር የለየለት አዳኝ ነበር። ቀስ በቀስ ሥዕሉ ጠመንጃውን አሸነፈው። በ1946 በሰቨርን ወንዝ አፍ አጠገብ ስሊምብሪጅ ላይ የውኃ ወፎች መጠበቂያ አቋቋመ፤ ቤቱንም እዚያው ሠራ። በየብርድ ወራቱ ከሩሲያ ሰሜናዊ በረዷማ ሜዳ የሚመጡ ስዋን የተባሉ ነጭ፣ አንገተ ረጅም ወፎች ከመስኮቱ ፊት ለፊት ባለው ኩሬ ያርፋሉ። በፌብሩዋሪ 1964 ስኮት አንድ ነገር አስተዋለ፤ በመንቁራቸው ላይ ያለው የቢጫና የጥቁር ቅርጽ እንደ ሰው ፊት ነው፣ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። እያንዳንዱን እየሳለ ስም አወጣላቸው። በሚቀጥለው ዓመት ሲመለሱ በስማቸው ጠራቸው። ማን ከማን ጋር እንደተጋባ፣ የማን ልጅ እንዳደገ፣ ማን በመንገድ እንደቀረ ታወቀ፤ አንዳንዶቹ ለብዙ ዓመታት ሳይቋረጡ ተመላልሰዋል። ይህ ሁሉ እውቀት የተገኘው በአንድ ሰው መስኮት ነው።

በ1979 ደግሞ ነገሩ ወደ ልጆች ወረደ። በጃንዋሪ መጨረሻ አንድ ሰዓት ብቻ ከቤታችሁ መስኮት ሆናችሁ ወፍ ቁጠሩ ተባሉ። ዛሬ በዚህ ቆጠራ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ይሳተፋል። የድንቢጥ ቁጥር ከዚያ ወዲህ ከግማሽ በላይ መቀነሱን ያሳየውም ይኸው የልጆች ቆጠራ ነው። ድንቢጥን የሚያህል የሰው ጎረቤት የለም፤ ስትጎድል ግን ማንም አላያትም ነበር።

ክላይ ላይ አንድ ቀን ከነፋሱ ተጠግቼ በቆምኩበት የእንጨት መመልከቻ ውስጥ አንዲት አሮጊት ከፔርሙዛቸው ሻይ ቀድተው ሰጡኝና አገሬን ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው እንደ ብዙ ሰው የድርቁን ወሬ አላነሡም። «በጃንዋሪ እዚያ ማን ይቆጥራቸዋል?» ነበር ያሉኝ። የሚቆጥሩ እንዳሉ ነገርኳቸው፤ ምን ያህል ጥቂት እንደሆኑም ጨመርኩላቸው።

እውነቱም ይኸው ነው። በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች ሲኖሩ፣ ወደ 200 የሚጠጉት ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡ እንግዶች ናቸው። መስከረም ጠብቶ ሜዳው ገና እርጥብ ሳለ ከከብቶች እግር ሥር ጅራቷን እየወዘወዘች የምትሮጠው ቢጫ ደረት ወፍ ከእነዚህ አንዷ ናት፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሣር ባለበት ሁሉ ትታያለች። በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በየጃንዋሪው የውኃ ወፎችን ሲያስቆጥር ኖሯል፤ በ1996 ባወጣው መጽሐፍም ለወፎች ወሳኝ የሆኑ 69 ቦታዎችን ዘርዝሯል። ከእነዚያ ዓመታት ወዲህ የደረሰውን ግን ሁላችንም እናውቃለን። የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆኖ ነበር፤ ውኃው በከፊል የተመለሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው ጨለለቃ የዳክዬና የውኃ ወፍ መንጋ ያርፍበት ነበር፤ እርሱም ሸሽቷል። አብያታ ደግሞ የባሰ ታሪክ አለው። በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ የሚፈለፈሉት ነጫጭ ፔሊካኖች ምግብ የሚያመጡት ከጎረቤቱ ከአብያታ ነበር፤ ሻላ የሚበላ ዓሣ የለውምና። የአብያታ ገባሪ ወንዞች ለመስኖ ሲጠለፉ፣ ውኃውም ለሶዳ አሽ ሲሳብ ሐይቁ እያነሰ፣ ጨውም እየበዛ ሄደ። ዓሣው አለቀ። ፔሊካኖቹ በምግብ እጦት ጎጇቸውን ተዉ። ይህንን የምናውቀው ቀድሞ የቆጠሩ ጥቂት ሰዎች ስለነበሩ ነው። ያልተቆጠሩት ሐይቆች ምን እንዳጡ ግን የሚነግረን ደብተር የለም።

ለአዲስ አበባ ሰው ቅርቡ አባ ሳሙኤል ነው፤ ለኤሌክትሪክ ኃይል የተገደበው፣ የከተማውን ቆሻሻ የአቃቂ ወንዝ የሚያራግፍበት፣ እንቦጭ የወረረው ሐይቅ። ሽታው አይጣል ነው። ወፎቹ ግን አልተዉትም። ባለፈው ጥር ከሁለት ወዳጆቼ ጋር ሄጄ በዳርቻው ስንቆጥር ዋልን። ከሰሜን የሚመጡት ረጃጅም ግራጫ ወፎች፣ ፈረንጆች ክሬን የሚሏቸው፣ በሽንብራው ማሳ ላይ ተሰልፈው ይለቅማሉ። አንድ እረኛ ልጅ ባይኖኩላሩን ተቀብሎ ሲያይ ቆየና ወፎቹ ይሸጡ እንደሆነ ጠየቀን። አይሸጡም አልነው። እንግዲያው ለምን ትቆጥሯቸዋላችሁ አለ። ወዳጄ መልስ ሲፈልግ ልጁ አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀለ በራሱ ጊዜ ይነግረን ጀመር፤ ሽንብራው ሲበቅል ይመጣሉ፣ ሁዳዴ ገብቶ ጥቂት ሲቆይ ይሄዳሉ፤ አባቱ በወንጭፍ ያባርራቸዋል፤ ካቻምና ከዚህ ይበዙ ነበር፤ አምና ግን ከወንዙ ማዶ ነው ያረፉት፣ እዚህ አልመጡም።